ቦኖው ለማን ይቅረብ?

ከዓባይ ማዶ ተፈናቅለው ይጁቤ እኛ ቤት ያረፉት አክስቴ፣ መጠለያ ሳሉ ከመሸ ውኃ አይቀምሱም ነበር። ሽንት ቤቱ ሩቅ ነው፤ መብራት የለው፣ በሩ ከውስጥ አይቆለፍ። በመጠለያ ስለ ኮሌራ ሲወራ ክሎሪን ይነሳል እንጂ ሰውን ከሽንት ቤት የሚያርቀውን ይህን ፍርሃት ማን ያነሳዋል? የኮሌራው ስጋት እውነት ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ክረምት መተማ አካባቢ በነበረው የኩመር መጠለያ በሱዳን ስደተኞች መካከል ኮሌራ ገብቶ ሰው ገድሏል።

ዓለም አቀፉ መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ፣ ለ20 ሰው አንድ ሽንት ቤት ይላል። መልካም፤ ግን ጄሪካን ተሸክማ ዳገት የምትወጣው ነፍሰ ጡር በአማካይ አትለካም። እሷ፣ አራስና ዓይነ ስውር ከቦኖው አጠገብ ይስፈሩ፤ ጎረምሳው ራቅ ይበል። ስንዴ ሲታደል ሰልፍ የሚያስይዘው ኮሚቴ ለዚህ በጀት አያሻውም። በመጠለያ የሚያሰጋው ኮሌራ ብቻ አይደለምና፣ የኩፍኝ ክትባትም ከ6 ወር ጀምሮ ላሉ ሕፃናት ስማቸው በተመዘገበበት ቀን እዚያው ይሰጥ።