ነፃ ነው፣ ግን ማን ይጫነው?

እንግዲህ መጽሔት እናዘጋጅ ብለን ስንሰባሰብ ቀድሞ ያስቸገረን ጽሑፉ አልነበረም፤ ላቴክን ላፕቶፓችን ላይ መጫን እንጂ። ዶናልድ ክኑት በ1978 እ.ኤ.አ. ባወጣው ቴክ ላይ የተሠራው ይህ የገጽ ቅንብር ሶፍትዌር በነፃ ይገኛል። (የኢንተርኔቱን ፓኬጅ ካልቆጠራችሁ ነው ታዲያ! ሙሉው ቴክ ላይቭ በርካታ ጊጋባይት ነው።) ሁለት ሌሊት እየተቋረጠ ወረደ። ተጭኖ ሲያልቅ «ሰላም» ብለን ጻፍን፤ ገጹ ባዶ ወጣ። ለካ ዚላቴክን መርጦ የግዕዝ ፊደል ያለውን ፎንት በስሙ መጥራት ያስፈልግ ኖሯል!

«መመሪያውን አንብቡ» ከሚሉን ጋር አንስማማም። ሱቅ ብንሄድ ክራክ የተደረገው ሶፍትዌር፣ ከነቫይረሱም ቢሆን፣ በአሥር ደቂቃ ይጫንልናል። ሰው ሕገወጡን የሚመርጠው በዋጋው ብቻ አይደለም፤ ነፃውማ አለ። ስለሚቀለው ነው።

የምንፈልገው ብዙ አይደለም፦ በፍላሽ የሚዞር፣ ያለ ኢንተርኔት የሚጫን፣ አቢሲኒካ ፎንትን አብሮ የያዘ፣ ስንከፍተው የአማርኛ ገጽ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀን አንድ ጥቅል። የቴክ ላይቭም የፎንቱም ፈቃድ ይህን አይከለክልም። ኮምፒውተር ሳይንስ የተማራችሁ ጓደኞቻችን፣ አንድ ቅዳሜ ስጡን። ቡናው በእኛ።