መጀመሪያ ደም ሥሩን!

«አጥንት የሚያበቅል ፕሮቲን» የሚል ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል። የእኔስ ይፍላ ግድ የለም፤ የታካሚው ደም ግን በየት በኩል ሊገባ ነው? የአጥንት ሕዋስ ከቀጭን የደም ሥር 200 ማይክሮሜትር ያህል ከራቀ ኦክስጅን አጥቶ ይሞታል። የጎደለው አጥንት ክፍተት ውስጥ የተሞላው የካልሲየም ፎስፌት የአጥንት ምትክ ዳር ዳሩ አጥንት መስሎ መሐሉ ድንጋይ ሆኖ ቢቀር ታዲያ ምን ይገርማል? መንገድ ሳይወጣለት ኮንዶሚኒየም ገትሮ «ነዋሪ ጠፋ» ብሎ እንደማማረር ነው።

ሰውነት እንዲህ አይቸኩልም። አጥንት ሲሰበር የፈሰሰው ደም ይረጋል፣ ቦታው ኦክስጅን ያጥረዋል፤ ያኔ ሕዋሳቱ ቪኢጂኤፍ የተባለውን የዕድገት ፕሮቲን ይለቃሉ፣ አጠገቡ ያለው የደም ሥርም ወደዚያው ያቆጠቁጣል። ፒዲጂኤፍ ደግሞ ደጋፊ ሕዋሳትን ጠርቶ አዲሱን ሥር ያጸናዋል። ቪኢጂኤፍን ብቻውን በገፍ ብታፈሱት የምታገኙት ያበጠና የሚያንጠባጥብ፣ ቅርጹ የተበላሸ ሥር ነው። ጥቂት በጥቂት፣ ተራውን ጠብቆ፣ ሳምንታት ቆይቶ መውጣት አለበት።

ይህን ማን ሰማ? እ.ኤ.አ. በ2002 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ የሜድትሮኒክ ኩባንያን «ኢንፊዩዝ» ለወገብ አከርካሪ ቀዶ ሕክምና ፈቀደ። የኮላጅን ስፖንጅ ቢኤምፒ-2 በተባለው አጥንት አብቃይ ፕሮቲን ተነክሮ ይገባል፤ በትልቁ ጥቅል እስከ 12 ሚሊግራም! ሰውነት ለራሱ ከሚያመነጨው ጋር የማይወዳደር ዶፍ ነው። በ2008 ያው ተቆጣጣሪ አንገት ላይ ሲደረግ የሚያስከትለው እብጠት አየር መተላለፊያን ሊዘጋ እንደሚችል አስጠነቀቀ።

የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው። በ2011 የአከርካሪ ቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ካራጊና ባልደረቦቹ በኩባንያው ገንዘብ የተሠሩትን የመጀመሪያዎቹን ጥናቶች መረመሩ። ፕሮቲኑን ከወሰዱት 780 ታካሚዎች መካከል በፕሮቲኑ ምክንያት ጉዳት ደረሰበት ተብሎ የተመዘገበ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም! አንድ! በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ኮሚቴ ኩባንያው ከ1996 እስከ 2010 ለጥናቶቹ ጸሐፊዎች 210 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መክፈሉን ይፋ አደረገ። ዬል ዩኒቨርሲቲ ያስተባበረው የ2013ቱ ገለልተኛ ምርመራም ከታካሚው ከራሱ ዳሌ ከሚወሰድ አጥንት ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላገኘበትም።

ቤተ ሙከራዎቻችንም አይስቁ። የአይጥ ራስ ቅል ላይ የ5 ሚሊሜትር ቀዳዳ ደፍኖ «ሠራ!» ማለት ቀላል ነው፤ የደም ሥር ከዳር ተነሥቶ ያን ያህል ለመሻገር ብዙ አይቸገርም። ሴንቲሜትሮች የጎደሉት የሰው ጭን አጥንት ግን ሌላ ዓለም ነው።

እናንተም ሐኪም ምትክ ላስገባላችሁ ካላችሁ አትፈሩ፤ ስንት ሚሊግራም ነው? በስንት ጊዜ ነው የሚለቀቀው? የደም ሥር እስከ መሐሉ መግባቱ በሰው ላይ ታይቷል? ለጥናቱ ማን ከፈለ? ብላችሁ ጠይቁ።