ኦዲተር ለመሆን በአጎት በር ይገባል?

ሰሞኑን ከደረሱን ደብዳቤዎች ሁለቱ የመጡት ከምሥራቅ ጎጃም ነው፤ አንዱ ከቢቸና፣ ሌላው ከሞጣ። ጸሐፊዎቹ አይተዋወቁም። ጭንቀታቸው ግን የአንድ እናት ልጆች ያስመስላቸዋል። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለጠየቁን ጉዳያቸውን ብቻ እናንሳ።

የቢቸናዋ እህታችን የሦስተኛ ዓመት የአካውንቲንግ ተማሪ ናት። ትምህርት ክፍሏ የትብብር ደብዳቤ ጽፎ ሰጥቷት «ለክረምቱ ኢንተርንሺፕ የምትወጪበትን መሥሪያ ቤት ራስሽ ፈልጊ» ብሏታል። ፍላጎቷ ኦዲት ነው። «አጎቴ አንድ የወረዳ መሥሪያ ቤት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ናቸው። እዚያው የውስጥ ኦዲት ክፍል ላስገባሽ ብለውኛል። እናቴ ‹ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? እግዜር ሰጠሽ!› ትለኛለች። እኔን ግን የሆነ ነገር ይከነክነኛል» ትላለች።

የሞጣው ወንድማችን በሒሳብ ሥራ ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ተመርቆ ቤት ከተቀመጠ ዓመት ሞልቶታል። አንድ ሰው ደግሞ «አዲስ አበባ ትልቅ ኦዲት ድርጅት ውስጥ ለልምምድ አስገባሃለሁ፤ ለሻይ 8 ሺህ ብር ብቻ አዘጋጅ» ብሎታል። አባቱ በግ ሸጠው ሊሰጡት ነው። «ልክፈል ወይስ ይቅርብኝ?» ሲል ይጠይቃል።

እህቴ፣ የከነከነሽ ነገር ትክክል ነው። ወንድሜ፣ በጉ ይቆይ! ምክንያቱን እንነጋገር።

የማን ካዝና ነው የሚቆጠረው?

ኦዲት ሌባ ማሳደድ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ሥራው ከዚያ ቀዝቀዝ ያለ ነው፤ በመዝገብ የተጻፈውና በእጅ ያለው አንድ መሆናቸውን አይቶ ያዩትን መመስከር። ምስክር ደግሞ ለማንም የማያደላ ካልሆነ ቃሉ ዋጋ የለውም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 101 መሠረት የፌዴራሉን ዋና ኦዲተር የሚሾመው በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት የተወካዮች ምክር ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቱን በጀትም ለምክር ቤቱ አቅርቦ ያስጸድቃል። ይህ ሁሉ የሚመረመረው ክፍል የመርማሪውን እጅ እንዳይጠመዝዝ ነው። ለትልቁ ኦዲተር የታሰበው ጥንቃቄ ለትንሿ ተለማማጅም ይሠራል።

አሁን ወደ አጎትሽ እንምጣ። የውስጥ ኦዲተር ከሚሠራቸው ሥራዎች አንዱ ካዝና መቁጠር ነው። የማን ካዝና? የአጎትሽ! 2 ሺህ ብር ቢጎድል ምን ልታደርጊ ነው? ብትጽፊው ቤተሰብ ይፈርሳል፤ ብትተዪው ገና ሳትጀምሪ ሙያሽ አበቃ። «አጎቴ ንጹሕ ናቸው፣ ምንም አይጎድልም» ትዪ ይሆናል። ይሁን። ግን «የእህታቸው ልጅ ቆጥራ ሞልቷል አለች» ሲባል ማን ያምናል? ንጹሑን ሰው ጭምር ታሳሚያለሽ። «ዘመድ ከዘመዱ አህያ ካመዱ» የተባለው ለሰርግና ለለቅሶ ይሁን፤ ለኦዲት አይሆንም።

ይህ ማለት ግን አጎትሽን አኩርፊ ማለት አይደለም። ጠቃሚ ነገር ያውቃሉ። የትኛው ጽሕፈት ቤት ኦዲተር እንዳለው፣ ኃላፊው መቼ ቢሮ እንደሚገኝ፣ ደብዳቤ ለማን እንደሚመራ ጠይቂያቸው። «ጋሼ፣ በሩን ያሳዩኝ፤ የማንኳኳው እኔ ነኝ» በያቸው። እሳቸው ፊርማቸውን የማያኖሩበት ቢሮ እስከሆነ ድረስ ነውር የለውም።

ታዲያ ወዴት ይኬዳል?

በቢቸናም ሆነ በሞጣ ወጣቱ የሚረሳው አንድ በር አለ፤ የኅብረት ሥራ ጽሕፈት ቤት። አካባቢው የጤፍ አገር ነው። ማዳበሪያው የሚከፋፈለው፣ እህሉም የሚሰበሰበው በገበሬዎች ማኅበራት በኩል ነው። በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የማኅበራት ሒሳብ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ መመርመር አለበት። ማኅበራቱ ብዙ፣ ኦዲተሮቹ ጥቂት ናቸው። ስለዚህ ደመወዝ ሳይጠይቅ ሰነድ የሚያመሳክር፣ ገጠር ድረስ በእግሩ የሚሄድ ልጅ ሲመጣ ደስ የሚለው ኃላፊ የማግኘት ዕድላችሁ ሰፊ ነው።

ሁለተኛው በር ዘመድ የሌለበት የወረዳ ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት የውስጥ ኦዲት ክፍል ነው። ሦስተኛው ደብረ ማርቆስ ነው፤ የዞን መምሪያዎች፣ ጎዛምን ዩኒየንና የባንክ ዲስትሪክት ቢሮዎች እዚያ አሉ። ባንክን በተመለከተ ስለ ኦዲት የቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጁን መለመን ድካም ነው። የኦዲት ሥራ የሚመራው ከበላይ ስለሆነ ማመልከቻው ዲስትሪክት ወይም ዋናው መሥሪያ ቤት ይግባ። አራተኛው ባሕር ዳር ነው። ከሞጣ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። የክልሉ ዋና ኦዲተር መሥሪያ ቤት ያለው እዚያ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. ከአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋምነት ወደ ባንክነት ያደገው ጸደይ ባንክም እዚያ ቢሮ አለው። ወደ ግል የኦዲት ቢሮ የምትሄዱ ከሆነ ከኢትዮጵያ የሒሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድ ፈቃድ ያለው መሆኑን ጠይቁ። ፈቃድ ያለው ሰው ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ ሲጠየቅም አይቆጣም።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ የተዘጋበትን፣ ቢሮ ያልተከፈተበትን ቀን ብዙ አይተናል። ሳትደውሉና ሳታጣሩ ሻንጣ አታንሱ። በአቅራቢያ ያለውን በር ያስቀደምነውም ለዚህ ጭምር ነው።

ማመልከቻው ምን ይላል?

«በማንኛውም ክፍል ብመደብ ፈቃደኛ ነኝ» የሚል ማመልከቻ ትሕትና ይመስላል፤ ለኃላፊው ግን ራስ ምታት ነው። የት ላስቀምጣት ብሎ ሲያስብ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ያድራል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦ «ከሐምሌ 1 እስከ ነሐሴ 30 ቀን በውስጥ ኦዲት ክፍል ያለ ክፍያ ልምምድ ለማድረግ እጠይቃለሁ። በንብረት ቆጠራ፣ ደረሰኝ ከመዝገብ ጋር በማመሳከርና የባንክ ሒሳብ በማስታረቅ መርዳት እችላለሁ። በዚህ መሥሪያ ቤት የገንዘብም ሆነ የንብረት ኃላፊነት ያለበት ዘመድ የለኝም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ማንም አይጽፋትም። እናንተ ጻፏት! ኦዲተር የሆነ ሰው ሲያነባት ቀና ብሎ ያያችኋል።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። የመንግሥት የበጀት ዓመት ሰኔ 30 ይዘጋል። ካዝና የሚቆጠረው፣ መጋዘን የሚከፈተው ያን ሰሞን ነው። በሐምሌ አጋማሽ «ቦታ አለ?» ብሎ የሚመጣ ገበያ ከተበተነ በኋላ የደረሰ ሰው ነው። በሚያዝያ ወይም በግንቦት አስገቡ፤ ደብዳቤው ለማን እንደተመራ ከመዝገብ ቤት ቁጥሩን ይዛችሁ ተከታተሉ።

እህቶቼ፣ ይህችን በተለይ ለእናንተ፦ «ጉዳይሽን ማታ ሆቴል ተቀምጠን እንነጋገርበት» የሚል ኃላፊ ቢያጋጥማችሁ፣ ማመልከቻ የሚገባው መዝገብ ቤት እንጂ ሆቴል አይደለም። ሌላ በር አለ፤ ወደዚያ ሂዱ።

ከገባችሁ በኋላስ?

ቢያንስ ሦስቱን ቅጾች አውቃችሁ ግቡ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 64፣ ዕቃ ገቢ የሚሆነው በሞዴል 19፣ ከመጋዘን የሚወጣው ደግሞ በሞዴል 22 ነው። ሌላው ድምርና ቅንነት ነው። ለምሳሌ አንድ ማኅበር 400 ኩንታል ማዳበሪያ ተረክቦ 350 ሸጧል እንበል። መጋዘን ውስጥ 50 መኖር አለበት። ቆጥራችሁ 47 ብታገኙ «ሌባ!» አይባልም። መጀመሪያ መጋዘን ጠባቂው ይጠየቃል። የተሸጠበት ደረሰኝ ገና አልተመዘገበ ይሆናል፤ ወደ ሌላ መጋዘን ተዛውሮ ይሆናል፤ በዝናብ ተበላሽቶ ይሆናል። ለእያንዳንዱ መልስ ወረቀት ይጠየቃል። ወረቀት ያልተገኘለት ሦስት ኩንታል ነው ጉድለት ተብሎ የሚጻፈው። እሱንም የሚጽፈው አለቃችሁ ነው፤ እናንተ ያያችሁትን ታሳዩታላችሁ።

ከቢሮ ስትወጡ ደግሞ አፋችሁን ቆልፉ። ቢቸናና ሞጣ ሰው ሁሉ የሚተዋወቅባቸው ከተሞች ናቸው። ጠዋት ያያችሁት የሂሳብ ጉድለት ከሰዓት ቡና ላይ ከተወራ፣ ገና ያልተረጋገጠ ነገር የአንድን አባወራ ስም ይዞ ይጠፋል። ሰዉ እንደሆነ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያለ ሁሉም ይበላል ብሎ ለማመን ቅርብ ነው። ኦዲተር የበላውን ከማጋለጡ እኩል ያልበላውን ከሐሜት ያድናል።

ወንድሜ፣ የአንተ ጉዳይ አጭር ነው። ልምምድ የሚሸጥ መሥሪያ ቤት የለም፤ ካለም ኦዲት የሚያስተምር መሥሪያ ቤት አይደለም። አስበው፣ በጉቦ ገብተህ የሰው ጉቦ ልትመረምር? ሰውየው ብሩን ተቀብሎ ስልኩን ቢያጠፋስ ለማን ትከሳለህ? ደረሰኝ እንኳ አይሰጥህም! የብቃት ምዘናውን፣ ሲኦሲውን፣ ካልወሰድክ የአባትህን ገንዘብ ለእሱ ዝግጅት አውለው። ከዚያ ሞጣ ላይ የኅብረት ሥራውን በር አንኳኳ። ሁለት ወር ሠርተህ ያየኸውን በደብተርህ ጻፍ። ሥራ ስትጠየቅ «ምን ሠርተህ ታውቃለህ?» ለሚሉህ ከየትኛውም የተገዛ ወረቀት የተሻለ መልስ ይኖርሃል።

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ነገሩ ያው ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሳይመረቁ የመውጫ ፈተና አለ። ፈተናው አጎትህ ማነው ብሎ አይጠይቅም።

የቢቸናዋ እህቴ፣ ለእናትሽ «እግዜር የሰጠኝ አጎትን ብቻ አይደለም፤ እግርም ሰጥቶኛል» በያቸው። የትኛው በር እንደተከፈተልሽ ደግሞ ጻፊልን። ሌሎቻችሁም ያጋጠማችሁን ላኩልን፤ ስማችሁ አይወጣም። ቸር ሰንብቱ።