ወድቆ የተነሣ ሞተር
ሞተር ሳይክል ወድቆ በተነሣ ቁጥር ፔዳሉን ደጋግሞ መርገጥ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። መጀመሪያ መሪው ላይ ያለችው ቀይ ማጥፊያ ትታይ፤ ሲወድቅ ተነክታ ይሆናል። ለእሷ ብቻ ስንቱ ሞተር ተገፍቶ ጋራዥ ገብቷል! ባለ ካርቡሬተር ከሆነ ደግሞ በጎኑ ሲተኛ ቤንዚን ከመጠን በላይ ይገባና ካንዴላው ይርሳል። አሁንም መርገጥ ችግሩን ያባብሳል፤ ቾክ ሳይስቡ፣ ጥቂት ደቂቃ አቁሞ፣ የነዳጅ መስጫውን እጀታ እስከ መጨረሻ ጠምዝዞ መሞከር ይሻላል። ነዳጁ በኤሌክትሮኒክስ በሚረጭባቸው በብዙዎቹ አዳዲሶች ላይ ግን መውደቅን የሚለይ ሴንሰር አለ፤ እሱ ያጠፋው ሞተር ቁልፉ ተዘግቶ እንደገና ካልተከፈተ አይነሣም። ሻጮች ቁልፉን ሲያስረክቡ ይህን በተግባር ሊያሳዩ ይገባል፤ ዕቃ እያደረሰ ለሚተዳደር ወጣት የቆመ ሞተር የዕለት ገቢ ማጣት ነውና።