ውኃ ያጣ ማሽን፣ መረጃ ያጣ ገበያ

እንበል አንድ የአየር ጤና ነዋሪ ለቤቱ አነስተኛ የኤስፕሬሶ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ከነካርቶኑ መጣ፤ ጥቂት ወራትም ደኅና ሠራ። አንድ ቀን ጠዋት ግን ቁልፉ ሲጫን መብራቱ ይበራል፣ ፓምፑ ይጮኻል፣ ቡናው ግን ጠብ አይልም። ሰውየው ማሽኑን ተሸክሞ ወደ ጥገና ቤት ይሄዳል። ባለሙያው ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ጋሼ፣ ፓምፑ ተቃጥሏል» ይለዋል። ፓምፑ ይለወጣል፣ ገንዘቡ ይከፈላል። ማሽኑ ሁለት ሳምንት ሠርቶ እንደገና ይቆማል። ውኃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ማለት ይህ ነው።

ነገሩ የአንድ ሰው ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለገበያ ገጽ ባልበቃ ነበር። ይሁን እንጂ የቤት ውስጥ የኤስፕሬሶ ማሽን ዛሬ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆኗል። አስመጪ አለው፣ ደላላ አለው፣ ከውጭ በሻንጣ ይዞት የሚመጣ ዘመድ አለው። በጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሥር ባሉ ጠባብ ሱቆች በቤት ማሽን ማኪያቶ ሸጦ ለመተዳደር የሚሞክር ወጣትም አለው። ለዚህ ወጣት ማሽኑ የሳሎን ጌጥ ሳይሆን ቋሚ ካፒታል ነው፤ ማሽኑ የቆመበት ቀን ገቢ የሌለበት ቀን ነው። ስለዚህ ጥያቄው «ማሽኑ ለምን ውኃ ከለከለ?» በሚለው አያበቃም። «ገበያው ትክክለኛውን መልስ በትክክለኛው ዋጋ መሸጥ ለምን አቃተው?» የሚለውም መነሳት ይኖርበታል።

መልሱ አጭር ነው። በጥገናው ገበያ የሚሸጠው መለዋወጫ እንጂ ምርመራ አይደለም። ዕውቀት ዋጋ ባልተቆረጠለት ገበያ ደግሞ ዕቃ ያለ አግባብ ይለወጣል።

ማሽኑ ምን ይላል?

የቤት ማሽን አሠራር ያን ያህል ውስብስብ አይደለም። ውኃው ከማጠራቀሚያው ተነስቶ በቀጭን ቱቦ ወደ ፓምፑ፣ ከፓምፑ ወደ ማሞቂያው ይሄዳል። በብዙዎቹ ማሽኖች ከማሞቂያው በኋላ በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ አለ። ከዚያ ውኃው በወንፊቱ በኩል ወደ ቡናው ይወርዳል። ጥሩ ኤስፕሬሶ የሚፈልገው ግፊት ዘጠኝ ባር ገደማ ነው፤ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 15 ባር የፓምፑን አቅም የሚገልጽ እንጂ ቡናው የሚያገኘው ግፊት አይደለም። ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ ከተዘጋ ውኃው ይቆማል። ጣቢያዎቹን ከርካሹ ወደ ውዱ እየቆጠሩ መመርመር ደግሞ የኢንጂነርነት ዲግሪ አይጠይቅም።

የመጀመሪያው ምርመራ አንዲት ሳንቲም አያስወጣም። የቡናው መያዣ እጀታ ወልቆ ማሽኑ ያለ ቡና ይሞከራል። ጥንቃቄ ግን ያሻል፦ በተዘጋ ማሽን ውስጥ የታመቀ ግፊት ሊኖር ስለሚችል እጀታው የሚወልቀው ማሽኑ ጠፍቶ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው፤ አለዚያ ትኩስ ውኃና አተላ ፊት ላይ ሊረጭ ይችላል። ያለ ቡና ውኃው በደንብ ከወረደ ማሽኑ ጤነኛ ነው። ጥፋቱ የቡናው ነው፤ ከመጠን በላይ ልሟል ወይም ከመጠን በላይ ተጠቅጥቋል። ለጀበና ተብሎ እንደ ዱቄት የላመ ቡና ለኤስፕሬሶ ማሽን የተዘጋ በር ማለት ነው።

ያለ ቡናም ውኃ ካልወረደ ሁለተኛው ምርመራ ይከተላል። የእንፋሎቱ ወይም የሙቅ ውኃው ቧንቧ ተከፍቶ ፓምፑ ይሞከራል። በዚያ በኩል ውኃ በደንብ ከመጣ ፓምፑ ከክሱ ነፃ ነው። ተጠርጣሪዎቹ ከማሞቂያው ወዲህ ያሉት ቫልቩና ወንፊቱ ናቸው። በሁለቱም በኩል ውኃ ከሌለ ግን ፍለጋው ወደ ኋላ ይመለሳል። ማጠራቀሚያው በቦታው በትክክል ተቀምጧል? ቱቦው አልታጠፈም? ፓምፑ አየር አልያዘም?

ድምፁም ምስክር ነው። ጮክ ብሎ፣ ባዶ ጣሳ እንደሚንቀጠቀጥ የሚያንኳኳ ፓምፕ ብዙውን ጊዜ ውኃ ያላገኘ ወይም አየር የያዘ ነው። የታፈነ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያሰማው ውኃ አግኝቶ መውጫ ያጣ ነው። ጨርሶ ዝም ያለው ደግሞ የኤሌክትሪክ ጉዳይ ነው፤ ቁልፉ፣ ሽቦው ወይም የሙቀት ፊውዙ በቴስተር ይታያል። ከላይ የተጠቀሰው ባለሙያ ጆሮውን ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ እየጮኸ ያለን ፓምፕ «ተቃጥሏል» ባላለ ነበር።

አየር የያዘ ፓምፕ ማጠራቀሚያው ተሞልቶ፣ የእንፋሎቱ ቧንቧ ተከፍቶ፣ ለአጭር አጭር ጊዜ እየበራና እየጠፋ ይተነፍሳል። በብዙ የቤት ማሽን ፓምፖች ላይ ሁለት ደቂቃ ሠርቶ አንድ ደቂቃ ይረፍ የሚል ምልክት አለ። ይህን ሳያዩ ደረቁን ፓምፕ ማስጮህ ደኅናውንም ፓምፕ በእርግጥ ማቃጠል ነው።

የሮቶው ውኃ

ውኃ በፈረቃ በሚደርስባቸው የኮልፌ ቀራኒዮ ሰፈሮች ሮቶና ጀሪካን የቤት ዕቃ ናቸው። ተቋርጦ የሚመለስ ውኃ የቧንቧ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። ሮቶው ሥር የተኛው አተላም አንድ ቀን ወደ ማሽኑ ማጠራቀሚያ ይገለበጣል። ይህኛው በጨርቅ ማጥለያ ይያዛል። ከዚህ የሚከፋው በዓይን የማይታየው ነው።

አዲስ አበባ ውኃዋን የምታገኘው ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች እንዲሁም እንደ አቃቂ ባሉ አካባቢዎች ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ነው። በዐለት ውስጥ አልፎ የሚወጣ የከርሰ ምድር ውኃ በጥቅሉ ከግድብ ውኃ የበለጠ ካልሲየምና ማግኒዥየም ይሸከማል። ውኃው ሲሞቅ የሟሟው ካልሲየም ባይካርቦኔት ወደ ካልሲየም ካርቦኔት ተለውጦ ነጭ ቅርፊት እየሆነ ይጋገራል። በሮቶው ውስጥ ያለው የትኛው ውኃ እንደሆነ ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፤ የማንቆርቆሪያውን ሥር ማየት ይበቃል።

ማንቆርቆሪያ ሰፊ በመሆኑ ቅርፊቱን ይችለዋል። የማሽኑ ቫልቭ ቀዳዳ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ቅርፊት ትበቃዋለች። የአየር ጤናው ሰው ማሽን ፓምፑ ከተለወጠ በኋላ ለሁለት ሳምንት የመሥራቱ ምስጢርም ይኸው ነው። ማሽኑ ሲፈታና ሲገጠም ቅርፊቷ ቦታ ለቀቀች፤ ውኃው ለጊዜው አለፈ። ሌላ ቅርፊት ሲመጣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ። አዲሱ ፓምፕ ለዚህ ምን ሊያደርግ?

መድኃኒቱ ርካሽ ነው። በማሽኑ መመሪያ መጠን በውኃ የተበጠበጠ ሲትሪክ አሲድ፣ ማለትም በሎሚ ውስጥ የሚገኘው አሲድ፣ ቅርፊቱን ያሟሟዋል። ጥቂት በማሽኑ ውስጥ አልፎ ከቆየ በኋላ በብዙ ንጹህ ውኃ ይታጠባል። አቼቶም ይሠራል፣ ሽታው ግን ቶሎ አይለቅም። ማሞቂያው አሉሚኒየም የሆነ ማሽን ባለቤት አሲድ ከመጨመሩ በፊት መመሪያውን ማንበብ ይኖርበታል። ለዓመታት ያልጸዳ ማሽን ባንድ ጊዜ ሲጸዳ ትልልቅ ቅርፊቶች ተገንጥለው ቫልቩን ጭራሽ ሊደፍኑት ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ ተነቅሎ፣ ቀዝቅዞ፣ ቫልቩ በሙያተኛ እጅ ተፈትቶ መጽዳት አለበት። ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

የሻንጣው ማሽን

ከአሜሪካ በዘመድ ሻንጣ የሚመጣው ማሽን የራሱ ጣጣ አለው። የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ሲሆን የኢትዮጵያ መስመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። የቤት ማሽን ፓምፕ በአብዛኛው የሚንቀጠቀጠው በመስመሩ ምት ልክ በመሆኑ ለ60 የተሠራው በ50 ሲነዳ ምቱ ይቀንሳል፣ ጥቅልል ሽቦውም ከታሰበለት በላይ ሊሞቅ ይችላል። ደላላው «የአሜሪካ ዕቃ ነው» ብሎ ዋጋ ሲጨምር፣ ነገሩን የሚያውቅ ገዢ የትራንስፎርመሩንና የፓምፑን ሥጋት አስቦ ዋጋ መቀነስ ነበረበት። ገበያ ላይ የሚታየው ግን ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው።

የሎሚ ገበያ

እዚህ ላይ የኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው አንድ ጥናት ይነሳል። እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባሉት አሜሪካዊ ምሁር ስለ ያገለገሉ መኪኖች ገበያ ጽፈው ነበር። በአሜሪካኖች አነጋገር ብልሽቱ የተደበቀ መኪና «ሎሚ» ይባላል። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ደኅናውን ከሎሚው መለየት ስለማይችል ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል። በዚያ ዋጋ የደኅና መኪና ባለቤት አይሸጥም፤ ገበያው ለሎሚዎቹ ይለቀቃል። አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ2001 ከሁለት ምሁራን ጋር የኖቤልን የኢኮኖሚክስ ሽልማት የተካፈሉት እንዲህ ባለው የመረጃ አለመመጣጠን ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

የቡና ማሽን ጥገናም የሎሚ ገበያ ነው። አንዱ ባለሙያ አንድ ሰዓት ፈጅቶ መርምሮ «ማሽንዎ ደኅና ነው፣ ቡናውን ሻከር አድርገው ያስፈጩት» ቢል የሚያገኘው ምስጋና ብቻ ነው። ሌላው በአሥር ደቂቃ ፓምፕ ቢለውጥ የጉልበቱንም የዕቃውንም ትርፍ ያገኛል። ደንበኛው ሁለቱን መለየት አይችልም። ውሎ አድሮ ሐቀኛው ወይ ሙያውን ይተዋል፣ ወይ እሱም ፓምፕ ሻጭ ይሆናል።

ጉዳቱ በግለሰቡ ኪስ አይወሰንም። ፓምፑ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያለ አግባብ የሚለወጥ እያንዳንዱ ፓምፕ ይህን ዶላር ይዞ ይሄዳል። ምርመራ ግን የሚጠይቀው የሀገር ውስጥ ዕውቀትና ጉልበት ነው፤ ዋጋውም በብር ይከፈላል። ውዱን በርካሽ መተካት የሚያስችል ገበያ፣ ርካሹን ትቶ ውዱን ሲገዛ መኖሩ ያስገርማል።

አስመጪዎች በበኩላቸው የማሽኑ ዓይነት ብዙ በመሆኑ ለሁሉም መለዋወጫ ማከማቸት አያዋጣም ይላሉ። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ይሁንና የካርቶኑ ስም የተለያየ ይሁን እንጂ ውስጡ ያን ያህል አይለያይም። የጣሊያኑ ኡልካ ፓምፕ ለምሳሌ በበርካታ ስሞች በሚሸጡ ማሽኖች ውስጥ ይገኛል። ጥቂት ዓይነት ፓምፕ፣ ቫልቭ፣ የጎማ ማሸጊያና ወንፊት የያዘ አንድ መደርደሪያ ብዙ ማሽን ያስነሳል። ገዢውም ከወቀሳ አያመልጥም። «ምንም ዕቃ ሳትቀይር ስለምን ታስከፍለኛለህ?» የሚል ደንበኛ ሳያውቀው ፓምፕ እንዲለወጥለት እየጋበዘ ነው።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ጥገና ቤቶች የምርመራ ዋጋን ከዕቃና ከጉልበት ዋጋ ለይተው በግልጽ ይለጥፉ። ጥገናው እዚያው ከተደረገ ከሒሳቡ ይቀነስ፤ ማሽኑ ደኅና ሆኖ ከተገኘ ግን ደንበኛው ሳያጉረመርም ይክፈል። ሁለተኛ፣ የተለወጠው አሮጌ ዕቃ ለባለቤቱ ይመለስ። ይህች ትንሽ ልማድ ያለ አግባብ የሚለወጠውን ዕቃ ትቀንሳለች። ሦስተኛ፣ ማንኛውም ማሽን፣ አዲስም ሆነ ያገለገለ፣ ገዢው ፊት በውኃ ይሞከር፤ በቡናው በኩልም በእንፋሎቱ በኩልም ውኃ ሲወርድ ይታይ። በመብራቱ መብራት ብቻ ማሽን የሚገዛ ሰው መብራት ነው የገዛው።

አራተኛ፣ ጋራንቲ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ኃላፊነት እንዳለበት ደንግጓል። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ ሕግም ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቷል። ደረሰኝ የሌለው ገዢ ግን መብቱን በምን ያስረዳል?

ለኢንቨስተሩ ደግሞ ያልተነካ ሥራ አለ። ማሽኑን ለመሸጥ የሚሽቀዳደመው ብዙ ነው። የውኃ ማጣሪያ፣ የቅርፊት ማሟሟያና በየወሩ የሚደረግ የጽዳት አገልግሎት አብሮ የሚሸጠው ግን ጥቂት ነው። ከማሽኑ የሚገኘው ትርፍ የአንድ ቀን ነው፤ ከአገልግሎቱ የሚገኘው የዓመታት። ደላላውም ቢሆን ሞክሮ ያሳየውን ዕቃ የሸጠለት ደንበኛ ነገ ሌላ ገዢ ይዞለት ይመጣል።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በዚህ ገበያ በሽታውን የሸሸገው ባለማሽኑ አይደለም፤ በሽታውን ለማወቅ የሚከፍልም የሚያስከፍልም መጥፋቱ ነው። የአየር ጤናው ሰው ማሽኑን ተሸክሞ በገባበት ቤት የመጀመሪያው ቃል «ፓምፑ ተቃጥሏል» መሆኑ ቀርቶ «ጋሼ፣ ያለ ቡና ሞክረውታል?» የሚል የሆነ ዕለት ገበያው መዳን ጀምሯል ማለት ነው።