የምርምር ገንዘብ የነጋዴም ጉዳይ ነው

በልደታ ክፍለ ከተማ ማለዳ ወደ ሱቁ የሚሄድ ነጋዴ በአንድ ጎዳና ላይ ሦስት ዓይነት መጓጓዣ ያያል። ከራሱ በላይ በድልድዩ ላይ የኤሌክትሪክ ባቡር ያልፋል፤ ከበታች በቤንዚንና በናፍጣ የሚነዱ ታክሲዎችና የጭነት መኪናዎች ጭሳቸውን እየለቀቁ ይጋፋሉ፤ በመካከላቸውም ድምፃቸው እምብዛም የማይሰማ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሎች ያልፋሉ። የሦስቱም መነሻ ከባሕር ማዶ ነው። አስመጪው ያስመጣቸዋል፤ ላኪው ቡናውንና ሰሊጡን ይጭንባቸዋል፤ ባለሱቁም እነርሱ ያደረሱለትን ሸቀጥ ይሸጣል። እንግዲህ መጓጓዣ ከጭስ የነጻና በብልሃት የሚመራ ይሁን ሲባል፣ ነገሩ ለሊቃውንትና ለመንግሥት ብቻ የሚተው አይደለም፤ የነጋዴው የትርፍና የኪሣራ ጉዳይ ነው።

ስለዚሁ ጉዳይ የአውሮፓ መንግሥታት በያመቱ ብዙ የሕዝብ ገንዘብ ለምርምር ይመድባሉ። ከዚህም ገንዘብ የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎችና ኩባንያዎች ጭምር ሊካፈሉ እንደሚችሉ በደንቡ ተፈቅዷል። ይሁን እንጂ በንግዱ ዓለም ያለው ሰው «ምርምር» የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ የመምህራን ጉዳይ ነው ብሎ ወረቀቱን ወደ ጎን ያኖረዋል። ይህ አስተሳሰብ ጉዳት ያመጣል። የጉዳቱንም መጠን ለማወቅ ከልደታ ርቆ መሄድ አያስፈልግም።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ባደረገበት ዘመን፣ የአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር። አውሮፕላኖቹ የተገዙት ከውጭ አገር ነው። ነገር ግን ከአውሮፕላኖቹ ጋራ ሌላም ነገር እንዲመጣ ተደርጓል፤ ይኸውም ዕውቀት ነው። ቲ.ደብሊው.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋራ በተደረገው ውል መሠረት የውጭ አገር አብራሪዎችና መካኒኮች ሥራውን ሲጀምሩ፣ ኢትዮጵያውያን ከእነርሱ እየተማሩ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዙ። እ.ኤ.አ. በ1971 ዓመተ ምሕረት ድርጅቱ በኢትዮጵያዊ ሥራ አስኪያጅ ለመመራት በቃ። ዛሬም የራሱን አውሮፕላኖች ከመጠገን አልፎ ለሌሎች አገሮች አየር መንገዶች የጥገና አገልግሎት ይሸጣል። ዕቃው ያረጃል፤ ዕውቀቱ ግን እየተወራረሰ ይኖራል።

ከዚያ ወዲህ በዚሁ ሰፈር ሌላ ነገር መጣ። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ርዝመቱ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ ከዚህም ከመቶ 85 እጁ ከቻይና የኤክስፖርትና ኢምፖርት ባንክ በብድር የተገኘ ነው። በታዳጊ አገር ዋና ከተማ ይህን የመሰለ ሥራ መሠራቱ የሚያስመሰግን ነበር። ነገር ግን ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ፣ ከተገዙት 41 ባቡሮች ከግማሽ የሚበልጡት በመለዋወጫ እጦትና በጥገና ጉድለት ቆመው ተገኙ። ምክንያቱ የማንም ስንፍና ብቻ አይደለም። ብረቱ ሲመጣ ብረቱን የሚያድሰው ጥበብ በዚያው ልክ አብሮ አልመጣም። በብድር የተገዛ ዕቃ ቢቆምም የብድሩ ወለድ አይቆምም።

አሁን ሦስተኛው መጥቷል። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚነዱ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ በ2014 ዓ.ም. በወጣው መመሪያ ሙሉ በሙሉ ተገጥሞ በሚገባ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ላይ ከመቶ 15፣ በከፊል ተገጥሞ በሚገባው ላይ ከመቶ 5 የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፈል ሲወሰን፣ ተፈታቶ መጥቶ እዚህ የሚገጣጠመው ከቀረጥ ነጻ ሆኖ ነበር። የመመሪያው አሳብ ግልጽ ነው፤ አስመጪው ከሻጭነት አልፎ ገጣጣሚ እንዲሆን ይጋብዛል። የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ስለ ተመረቀ፣ ነዳጅን በሙሉ በውጭ ምንዛሬ ለምትገዛ አገር በራስ ወንዝ ኃይል መንዳት ጥቅሙ ታላቅ መሆኑ አያከራክርም።

ነገር ግን ገበያተኛው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ስለ ግድቡ አይደለም። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ብሎ ይጠይቃል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተሠራች ከተማ፣ ወደ እንጦጦ የሚያስወጣውን አቀበት ሙሉ ጭነት ይዞ ሲወጣ ምን ያህል ኃይል ይበላል? ቁልቁለቱን ሲወርድስ ምን ያህሉን ይመልሳል? ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የባትሪው ጤንነት በምን መሣሪያ ተመርምሮ ዋጋው ይወሰናል? ከባትሪው ክፍሎች አንዱ ቢበላሽ እዚሁ ተከፍቶ ይታደሳል ወይስ ሙሉው ባትሪ ይጣላል? በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና ብር ከወረደ ወዲህ፣ ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ብቻውን የአንድን ደንበኛ ሀብት ሊያጠፋ ወይም ሊያድን የሚችል ሆኗል።

ለእነዚህ ጥያቄዎች አምራቹ የሚሰጠው መጽሐፍ በቂ መልስ የለውም፤ ሙከራው የተደረገው በሌላ አገር መንገድና በሌላ አገር አየር ነውና። አንድ አስመጪም ብቻውን መልስ ልፈልግ ቢል ወጪው ከትርፉ ይበልጣል። ያገኘውንም መልስ ጎረቤቱ ያለ ዋጋ ይወስድበታል። የአውሮፓ መንግሥታት ለምርምር የሕዝብ ገንዘብ የሚያወጡበት ምክንያት ይኸው ነው። ለሁሉ የሚጠቅመውን፣ ለአንዱ ግን የሚከብደውን ሥራ ሁሉም አዋጥቶ ያሠራዋል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአገራችን ምሳሌ ይህንኑ ይናገራል።

የአውሮፓ ኅብረት ዋናው የምርምር ፕሮግራም «ሆራይዘን ዩሮፕ» ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ2021 እስከ 2027 ድረስ የሚቆይ ሲሆን፣ ሲጀመር የተመደበለት ገንዘብ 95.5 ቢሊዮን ዩሮ ነው። ከክፍሎቹ አንዱ የአየር ንብረትን፣ የኃይል ምንጭንና መጓጓዣን በአንድነት ይይዛል። ስለ ባትሪ፣ ስለ ኤሌክትሪክ አውቶቡስ፣ ስለ ከተማ ጭነት አደላደልና ስለ መንገድ ደኅንነት ውድድር የሚወጣው በዚሁ ክፍል ነው። ለባቡር ሐዲድም እ.ኤ.አ. በ2021 የተቋቋመ «የአውሮፓ ባቡር» የተባለ የራሱ የሽርክና ድርጅት አለ።

ደንቡም ለነጋዴ ሊገባ የማይችል አይደለም። በተለመደው የጋራ ሥራ ቢያንስ ከሦስት ልዩ ልዩ የኅብረቱ አባል ወይም ተባባሪ አገሮች የተውጣጡ ሦስት ድርጅቶች መኖር አለባቸው፤ ከእነርሱም አንዱ የግድ ከአባል አገር መሆን አለበት። በእነርሱ ላይ የሌላ አገር ድርጅት ሊጨመር ይችላል። ገቢያቸው ዝቅተኛ ከሆነ አገሮች የሚገቡት፣ ኢትዮጵያ ጭምር፣ ድርሻቸውን ከዚያው ገንዘብ ለማግኘት ይፈቀድላቸዋል። ንጹሕ የምርምር ሥራ ከሆነ ተቀባይነት ያለው ወጪ በሙሉ ሊሸፈን ይችላል። ወደ ገበያ የቀረበ ሥራ ከሆነ ግን ለትርፍ የቆመ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ ከመቶ 70 እጁን ብቻ ያገኛል፤ የቀረውን ከራሱ ይጨምራል። ማመልከቻው የሚመዘነው በሦስት ነገር ነው፤ በአሳቡ ጥራት፣ በሚያስገኘው ውጤትና ሥራው በሚካሄድበት አኳኋን።

በዚህ ላይ ሦስት ተቃውሞ ይነሣል፤ ሦስቱም መልስ ይገባቸዋል።

አንደኛው፣ የአውሮፓ ገንዘብ የአውሮፓን ጥቅም ያያል የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማንም መንግሥት የሕዝቡን ግብር ለባዕድ ጽድቅ ብሎ አያወጣም። ነገር ግን በደንቡ መሠረት ከምርምሩ የሚገኘው ውጤት የዚያ ውጤት አስገኚ ድርጅት ሀብት ነው። የኢትዮጵያ ድርጅት በሥራው ውስጥ ድርሻ ከሌለው ከውጤቱም ድርሻ የለውም። ከማዕዱ ርቆ የተቀመጠ ሰው የሚጎርሰው ሌላው ሲያጎርሰው ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ ገንዘቡ ዕቃ አይገዛም የሚል ነው። ይህም በአብዛኛው ልክ ነው። ለመሣሪያ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በሥራው ዘመን ያረጀው የዋጋ ድርሻ ብቻ ነው። ስለዚህ በምርምር ገንዘብ መጋዘን እሞላለሁ ብሎ የሚያስብ ነጋዴ ካለ ከአሁኑ ቢተወው ይሻላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ሌላ ነገር ነው፤ የሠለጠነ መካኒክ፣ የተፈተነ አሠራር፣ ደንበኛ የሚያምነው የምርመራ ወረቀትና ከውጭ ድርጅቶች ጋራ የተመሠረተ ወዳጅነት ነው። እነዚህ በመጋዘን አይቀመጡም፤ መጋዘኑ እንዳይዘጋ የሚያደርጉት ግን እነርሱ ናቸው።

ሦስተኛው፣ የወረቀቱ ብዛትና የሒሳቡ ጥብቅነት ነው። ይህ ከሁሉ የበለጠ እውነት ያለው ተቃውሞ ነው። አንድ ባለሱቅ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ረጅም ማመልከቻ ሊጽፍ፣ የሠራተኞቹን የሥራ ሰዓት ሊመዘግብና ለውጭ ኦዲተር ሊያቀርብ አይችልም። ሊጠየቅም አይገባውም። የዩኒቨርሲቲውና የንግድ ምክር ቤቱ ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በዓለም ባንክ ገንዘብ የተደገፈ የአፍሪቃ የባቡር ሐዲድ የልቀት ማዕከል አለው። የአዲስ አበባና የአዳማ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። በእነዚህ ቦታዎች ማመልከቻ ለመጻፍ የሚችሉ መምህራን አይታጡም። መምህሩ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ግን ጥያቄው ነው። የትኛው ዕቃ በየትኛው ወር እንደሚሰበር፣ ደንበኛው ስለ ምን እንደሚያማርር፣ የጭነት መኪናው ከሞጆ ደረቅ ወደብ እስከ መርካቶ ስንት ሰዓት እንደሚቆም የሚያውቀው ነጋዴው ነው። መምህሩ ዘዴውን፣ ነጋዴው ጥያቄውን ይዘው ካልተገናኙ፣ ምርምሩ በቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፣ መኪናውም በጋራዥ ደጃፍ ቆሞ ይቀራል።

ስለዚህ ሊደረጉ የሚገባቸው ነገሮች ቀላል ናቸው። የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ አስመጪዎች የተበላሸውን ክፍል፣ የሄደበትን ኪሎ ሜትርና የጥገናውን ዋጋ በአንድ ዓይነት መዝገብ ይመዝግቡ። ይህ መዝገብ ለማንኛውም ማመልከቻ የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ንግድ ምክር ቤቱም የሚወጡትን የምርምር ውድድሮች እየተከታተለ፣ ለአባላቱ የሚመለከተውን በአማርኛ አሳጥሮ የሚያቀርብ አንድ ጸሓፊ ይመድብ። ዩኒቨርሲቲዎቹ ደግሞ ማመልከቻ ከመጻፋቸው በፊት ነጋድያኑን ሰብስበው ይጠይቁ። አባላት በግል የማይችሉትን መዋጮ በማኅበር ቢያወጡ ሸክሙ ይቀላል።

ለዚህም ጊዜው የተቆረጠ ነው። አሁን ያለው የአውሮፓ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2027 መጨረሻ ይዘጋል። ለሚቀጥሉት ሰባት ዓመታት፣ ማለት እ.ኤ.አ. ከ2028 እስከ 2034፣ የአውሮፓ ኮሚሽን 175 ቢሊዮን ዩሮ እንዲመደብ በሐምሌ 2017 ዓ.ም. አሳቡን አቅርቧል። በሩ ሲከፈት መዝገቡ የተዘጋጀለት ሰው ቀድሞ ይገባል፤ ያን ጊዜ መዝገብ ሊጀምር የሚያስብ ግን ለዓመታት ከኋላ ይሆናል።

ልደታ አውሮፕላኑን ከነዕውቀቱ ተቀበለች፤ ባቡሩን ያለ በቂ ዕውቀት ተቀበለች። አውሮፕላኑና ባቡሩ የመጡት በመንግሥት ውሳኔ ነበር። የኤሌክትሪክ አውቶሞቢሉን ግን የሚያስመጣው ነጋዴው ስለ ሆነ፣ ከእርሱ ጋራ ምን አብሮ እንደሚመጣ የሚወስነው ነጋዴው ራሱ ነው።