ቴምብር የሌለበት ደብዳቤ

በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሊወር የመጣ አንድ የኢጣልያ ወታደር ለእናቱ የጻፈው ደብዳቤ ዛሬ በኤውሮፓ ቢገኝ ባለቤት አያጣም። ቴምብር ሰብሳቢዎች ፖስታውን በጥንቃቄ ይይዙታል፤ የጦሩን ፖስታ ቤት ማኅተም በአጉሊ መነጽር ይመረምራሉ፤ በማኅተሙ ላይ ያለው ቁጥር የየትኛው ክፍል እንደ ነበረ ከመዝገብ ይፈልጋሉ፤ በመጨረሻም በሐራጅ ይሸጡታል። በዚያው ዘመን አንድ የየጁ ሰው በላስታ በዱር ላለ ወንድሙ ብጣሽ ወረቀት ጽፎ ልኮ እንደ ሆነ ግን፥ ያ ወረቀት በፖስታ ታሪክ ውስጥ አይቆጠርም። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ፥ ቴምብር የለበትም፤ የፖስታ ቤት ማኅተም አልተመታበትም፤ ስለዚህ ደብዳቤ ነው እንጂ ፖስታ አይደለም የሚል መልስ ይሰጣል። እኛ በዚህ ፍርድ አንስማማም፤ የማንስማማበትንም ምክንያት ከወልድያ እስከ ውጫሌ ያለውን መንገድ ይዘን ለመግለጽ እንሞክራለን።

ከወልድያ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው ሲሪንቃን አልፎ የሀብሩ ከተማ ወደ ሆነችው ወደ መርሳ ይደርሳል፤ ከዚያም በውርጌሳ በኩል አድርጎ ውጫሌ ይገባል። የውጫሌ ውል በሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. እንደ ተፈረመ ማንም ተማሪ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የማይታሰበው ግን የጠቡ መነሻ የደብዳቤ ጉዳይ መሆኑ ነው። አሥራ ሰባተኛው አንቀጽ የሚናገረው ስለ መሬት አይደለም፤ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ለሌሎች ነገሥታት የሚልኩት ጉዳይ በማን እጅ እንደሚያልፍ ነው። በአማርኛው በኢጣልያ መንግሥት በኩል ለመላክ «ይቻላቸዋል» ተባለ፤ በኢጣልያንኛው ግን ግዴታ ሆነ። እንግዲህ ይህ በሌላ አነጋገር የኢጣልያ መንግሥት የኢትዮጵያ ፖስተኛ ልሁን፥ ከእኔም በቀር ሌላ ፖስተኛ አይኑር ማለቱ ነበር።

ተንኮሉም የተገለጠው በደብዳቤ ነው። ዐፄ ምኒልክ በታኅሣሥ 1882 ዓ.ም. ዘውድ መጫናቸውን ለማስታወቅ ለእንግሊዟ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለጀርመን ንጉሠ ነገሥት ጻፉ። የመጣላቸው መልስ ጉዳይዎ በኢጣልያ በኩል መምጣት ይገባው ነበር የሚል መንፈስ ያለበት ሆነ። ያን ጊዜ ሁለቱ ጽሑፎች ተመሳከሩ፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱ ለመንግሥታት ሁሉ ተነገረ፤ ቀጥሎ የሆነውን በየካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ አሳየ። ደብዳቤን ማን ይያዘው የሚለው ጥያቄ ተራ የጽሕፈት ቤት ሥራ የሚመስለው ወጣት ሹም ቢኖር፥ ይህን ነገር ደጋግሞ ያስበው እንላለን።

ምኒልክ ውሉን ካፈረሱ በኋላ ብዙም አልቆዩም፤ በ1886 ዓ.ም. የፖስታ ሥራ እንዲቋቋም አዘዙ። ቴምብሮቹ በፓሪስ ታተሙ። ዝቅተኛ ዋጋ ያላቸው አራቱ የንጉሡን መልክ፥ ከፍ ያለ ዋጋ ያላቸው ሦስቱ የይሁዳን አንበሳ የያዙ ነበሩ። ነገር ግን ኢትዮጵያ ገና የዓለም ፖስታ ማኅበር አባል አልነበረችምና፥ ወደ ውጭ አገር የሚሄደው ደብዳቤ በጠረፍ ላይ ሲደርስ የባዕድ ቴምብር ደግሞ ይለጠፍበት ነበር። ከማኅበሩ የገባችው በጥቅምት 1901 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዐሥራ አምስት ዓመት ለሚያህል ጊዜ የራሳችን ቴምብር በራሳችን ምድር ብቻ የሚከበር ነበር ማለት ነው።

የሰሜን ወሎ ባላገር ግን ከዚህ ሁሉ በፊትም በኋላም መልእክት የሚልክበትን መንገድ ያውቅ ነበር። መልእክተኛው ደብዳቤውን በተሰነጠቀ በትር ጫፍ አጣብቆ፥ ከፍ አድርጎ ይዞ ይሄዳል። በትሩን ያየ ሁሉ የሰው አደራ መሆኑን ያውቃል። ደብዳቤው ራሱ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው፤ ሰላምታ ይሰጣል፤ የቀረውን ይህን ወረቀት ከያዘው ሰው አፍ ስማ፥ የሚልህንም እመን ይላል። ዋናው ጉዳይ በወረቀቱ ላይ የለም፤ በመልእክተኛው ልብ ውስጥ ነው። የቴምብር ሊቃውንት ያላስተዋሉት ይመስለናል እንጂ፥ በእኛ አገር ደብዳቤ አድራሹ የደብዳቤው ግማሽ ነበረ። ወረቀቱን የማረከ ጠላት ግማሹን ብቻ ማረከ።

በ1928 ዓ.ም. ጦርነት የዚህ አሠራር ጥቅሙም ጉዳቱም ታይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ የጦር ሰፈራቸውን በደሴ ባደረጉ ጊዜ ከተማዋ በኅዳር 26 ቀን በአውሮፕላን ተደበደበች። ሬዲዮ ነበረ፤ ነገር ግን ጠላት በሬዲዮ የሚተላለፈውን እየጠለፈ ያዳምጥ ነበርና ከማይጨው ውጊያ በፊት የእኛን ሐሳብ አስቀድሞ ለማወቅ ችሏል። በእግር የሚሄደው መልእክተኛ በዚህ ዓይነት አይጠለፍም። ግን ከግንባር ወደ ግንባር ለመድረስ ብዙ ቀን ይፈጃል፤ የአንዱ ራስ ጦር መሸነፉን ሌላው ሳይሰማ የሚቆይበት ጊዜ ነበረ። የጥንቱን ነገር ሁሉ ማወደስ የሚወድ ሰው ይህንም ጨምሮ ሊናገር ይገባዋል። በተሰነጠቀ በትር በአውሮፕላን የሚዋጋን ጦር መቅደም አይቻልም።

በመጋቢት 22 ቀን ማይጨው ላይ ጦራችን ተሸነፈ፤ ጠላት በቆቦና በወልድያ በኩል ወርዶ ሚያዝያ 7 ቀን ደሴ ገባ። በዚያው ዓመት የኢጣልያ ንጉሥ መልክ ያለበት፥ «ኢትዮጵያ» የሚል ስም በላቲን ፊደል የተጻፈበት ቴምብር ወጣ፤ በ1930 ዓ.ም. ደግሞ በእርሱ ፈንታ «የኢጣልያ ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል መጣ፤ የአገራችንም ስም ከቴምብሩ ላይ ጠፋ። ከአስመራ ወደ አዲስ አበባ የሚዘልቀው የመኪና መንገድ በመርሳ መካከል ሲያልፍ፥ የወታደሩም ደብዳቤ በካሚዮን አለፈ። አውሮፕላኑ ከሮማ በካይሮና በካርቱም በኩል አስመራ ይደርስ ነበር። በሰኔ 1932 ዓ.ም. ኢጣልያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ግን የስዊዝ በር ተዘጋባትና ይህ ሁሉ የተደራጀ ፖስታ ከጥቂት አውሮፕላኖች በቀር መንገድ አጣ። አርበኛው ግን የሚዘጋ በር አልነበረውም።

አርበኛው በምን ይላላክ ነበር? በዋግና በላስታ በ1929 ዓ.ም. የተነሣው አመፅ፥ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ዓ.ም. እስከ ተገደሉ ድረስ፥ ያለ መልእክት ሊቀናጅ አይችልም ነበር። በከተማ የነበሩት የውስጥ አርበኞች ወረቀትም ጥይትም መድኃኒትም ወደ ዱር ያሾልኩ ነበር፤ በአዲስ አበባ የእነ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ሥራ ለዚህ ምስክር ነው። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የሚደረገው መጻጻፍ በሱዳንና በጂቡቲ በኩል ይሻገር ነበር። በኋላም በ1932 እና በ1933 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም ያለበት ዐዋጅ ከእንግሊዝ አውሮፕላን ተበተነ። ይህንንስ ምን እንበለው? ላኪ አለው፤ ተቀባይ አለው፤ ማኅተም አለው፤ ፖስተኛውም ከሰማይ መጣ። በቴምብር ሰብሳቢዎች ሕግ ይህም ፖስታ አይደለም!

ቴምብር ምንድር ነው? ለመላኪያ ዋጋ መከፈሉን የሚገልጽ ደረሰኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ደረሰኙን ከጉዳዩ ማስበለጥ የት አገር የተለመደ ነው? ምናልባት በአንዳንድ ጽሕፈት ቤታችን ይሆናል፤ እርሱን ሌላ እሑድ እንመለስበታለን። ጠላት ሲፈትሸው ቢገኝበት የሚገደልበትን ወረቀት የተሸከመ ሰው ዋጋውን አልከፈለም የሚል ካለ እርሱን አንከራከረውም።

ይህን የምንጽፈው ለክርክር ብቻ አይደለም። ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ እንደገና በጦርነት ውስጥ ወደቁ። ስልክ ተቋረጠ፤ ዘመድ ስለ ዘመዱ የሚሰማው በእግሩ ከወጣ ሰው አፍ ሆነ። በስልክ ያደገው ትውልድ የአያቶቹን ፖስታ ሳያስበው ተጠቀመበት። የወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተዘረፈ፤ የብዙ መሥሪያ ቤቶችም ንብረትና መዝገብ ጠፋ። በመዝገብ ቤት ያልተረፈው ወረቀት በሰው ቤት ተርፎ ሊሆን ይችላል፤ በቆርቆሮ ሣጥን፥ በዳዊት ማኅደር ውስጥ፥ ከርስት ሙግት ወረቀት ጋር ተጠቅልሎ። የድሮ ወረቀት ቦታ አጣበበ ተብሎ እንዲቃጠል በፊርማው የሚያዝ ሹም፥ ከማዘዙ በፊት አንድ ቀን ተቀምጦ ቢያገላብጠው ምን ይጎዳዋል?

በአዲስ አበባ የፖስታ ሙዚየም ተቋቁሞ ከምኒልክ ጀምሮ ያሉትን ቴምብሮች አሳይቷል፤ መልካም ሥራ ነው። ከዚያ ጎን ቴምብር ለሌለው ደብዳቤ አንድ ሣጥን እንዲሰጥ እንጠይቃለን። ሣጥኑን የሚሞላው ግን ሙዚየሙ አይደለም፤ ለዕረፍት ወደ መርሳ፥ ወደ ሲሪንቃ፥ ወደ ጊራና የሚሄደው ተማሪ ነው። ደብዳቤውን ከባለቤቱ እጅ አይውሰድ፤ በስልኩ ፎቶግራፍ ያንሣ፤ ፊቱንም ጀርባውንም። የሳባ ፊደል ብቻም አይፈልግ፤ የወሎ ሸሆች አማርኛን በዓረብ ፊደል የመጻፍ የቆየ ልማድ ስላላቸው፥ የቁርኣን ወረቀት ነው ብሎ ያለፈው ምናልባት የአማርኛ ጽሑፍ ይሆናል። በ1933 ዓ.ም. ዐሥር ዓመት የሆነው ልጅ ዛሬ ከ90 ዓመት በላይ ነውና፥ በቤቱ እንዲህ ያሉ አዛውንት ካሉ ከሣጥኑ በፊት እርሳቸው ይጠየቁ። ከደብዳቤው ጽሑፍ በታች ተማሪው ሁለት ነገር ይጨምርልን፤ ወረቀቱን ይዞ የመጣው ማን እንደ ነበረ፥ በቃልስ ምን እንዳለ።